የዲሪርሳ ወተት

ሱሉልታ፣ መስከረም 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለሌሊሴ፣

አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ? እኛን ከክረምቱ ጭቃ ያወጣ አምላክ አንቺንም ከጀርመን ብርድ ይሰውርሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ጤነኛ ነኝ። እናትሽ ደህና ናት። ላሞቹም ደህና ናቸው፤ ቡሬዋ ወልዳለች፣ ጥጃዋ እንደ እናትሽ ጯሂ ናት።

ስልክ እያለ ለምን በወረቀት ጻፈ እንዳትዪኝ። ከእናትሽ ጋር የምንኖረው አንድ ግቢ ነው። እኔ ስልክ ሳነሳ እሷ ጆሮዋን ታነሳለች፤ እናትሽ ወርቅቱ የሰማችውን ደግሞ እስከ ጫንጮ ድረስ የማይሰማ የለም። ይህ ነገር እስኪበስል ተሸፍኖ መቆየት አለበት።

ነገሩ የወተት ነው። እንደምታውቂው የማኅበራችንን ወተት የምረከበው እኔ ነኝ። ሰዉ በየማለዳው ጀሪካኑን ይዞ ይመጣል፤ እኔ አሸትቼ፣ ቀምሼ፣ በአልኮል ፈትኜ ትልቁ ጋን ውስጥ አስገለብጣለሁ። ከዚያ መኪናውን መጠበቅ ነው። መኪናው ከእንጦጦ ማዶ እስኪመጣ አንዳንድ ቀን ቀትር ያልፋል፣ አንዳንድ ቀን ጭራሽ ሊመሽ ይቃረባል። ባለፈው ሰሞን ፋብሪካው ጋኑን እንዳለ መለሰብን። ክዳኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሌሊሴ፣ በዚህ ዕድሜዬ የሞተ ከብትም የበሰበሰ ቆዳም አሽትቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ነገር ግን አፍንጫዬ አያውቅም። ኮምጥጦ፣ ተቋጥሮ፣ ላዩ ላይ አረፋ ሰርቶ እንደ ሰው ትውከት ሆኗል። ቦይ ውስጥ ስንደፋው ውሾቹ እንኳ አሽተውት ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ከየጀሪካኑ አንዳንድ ብርጭቆ እያስቀረሁ ከሰዓት በኋላ መልሼ እፈትናለሁ። የሁሉም ደህና ነው፤ ማለዳ እንደመጣ ይቆያል። የዲሪርሳ ብቻ ይቋጠራል። ትናንትም እሱ፣ ዛሬም እሱ። ዲሪርሳን ታውቂዋለሽ፤ የኦቦ ኦዳ ልጅ፣ አብሮሽ የተማረው፣ ከሰበታ ሚስት ያመጣው። አንድ የሚጨምርበት ነገር አለ። ዱቄት ይሁን የከረመ ወተት አላውቅም። ብቻ ከዚህ ወዲያ እሱ ከጨበጠኝ እጄን መታጠብ ያምረኛል።

ሲጠየቅ ግን ይምላል። በሐሰት የሚምልን ሰው እድራችን አያቅፍም፤ የእድሩ ዳኛ ደግሞ እኔው ነኝ፤ ያለ ማስረጃ አልፈርድም። ስለዚህ አንቺን ልለምንሽ። አንቺ ዓይን የማያየውን ቅንጣት በትልቅ ማሽን የምትመረምሪ ዶክተር ነሽ። «የዲሪርሳ ወተት ባዕድ ነገር አለበት» የሚል፣ ማኅተም ያረፈበት አንድ ወረቀት ላኪልኝ። የጀርመን ማኅተም ካየ እሱም አይምልም፣ ሰዉም አይከራከርም።

እመቤቴ ማርያም በመንገድሽ ሁሉ ትቅደምሽ።

ኤሱማሽ ባጫ


ጀርመን፣ ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእናቴ ወንድም፣ ለተከበሩ አጎቴ፣ ለኤሱማ ባጫ፣

አካም ጅርቱ? ጉልበትዎን ፈጣሪ ይማርልኝ። ደብዳቤዎን ፖስታ ቤት ሄጄ ስቀበል እዚያው ቆሜ ከፈትኩት፤ በዚህ ዘመን ወረቀት የሚመጣው ሰው ሲሞት ነው ብዬ። ወተት መሆኑን ሳይ ሳቅሁ። አንብቤ ስጨርስ ግን ሳቁ ቀርቶ ነበር።

ማኅተሙን አልችልም። ወተቱን አላየሁትም። አይቼው ቢሆን እንኳ የእኔ ማሽን የሚያየው ወተት አይደለም። ሥራዬን አንድም ቀን በደንብ አስረድቼዎት ስለማላውቅ ዛሬ ልሞክር። እዚህ ፕሮቶን የሚባሉ ቅንጣቶችን ወደ ብርሃን ፍጥነት እያስጠጋን ከድንጋይ ከሰል ቢጤ ጋር እናጋጫለን። ከግጭቱ ሙዮን የሚባል ቅንጣት ይገኛል። ሙዮን ዓይን እስኪርገበገብ አይቆይም፣ ይፈርሳል። ሲፈርስ ኤሌክትሮን ይወጣል፤ አብረውት ሁለት የማይታዩ ነገሮች ያመልጣሉ። ሁሉም የሚፈርሰው በዚህ መንገድ ነው፤ በሰከንድ ሚሊዮኖች፣ ቀን ከሌት። እኛ የምንጠብቀው ግን ሌላ አፈራረስ ነው፤ የማይታዩት ሳይኖሩ አንድ ኤሌክትሮንና አንድ የብርሃን ቅንጣት ብቻ ጀርባ ለጀርባ ተሰጣጥተው ሲወጡ ማየት። እስከ ዛሬ ያየው የለም። አንዴ ቢታይ ስለ ዓለም የምናውቀው ብዙ ነገር ይገለበጣል።

ባለፈው ወር ከዚያ ሁሉ መካከል አንድ ለየት ያለ ምልክት ታየ። የቡድናችን ፕሮፌሰር ሳይመረምረው «ቆሻሻ ነው፣ አውጡት» አለ። ጽሑፉን ቶሎ ማሳተም ስለሚፈልግ የሚያጓትተው ነገር አይወድም። ዙሪያውን የተቀመጡት ምሁራን ሁሉ እሺ ብለው አንገታቸውን ነቀነቁ። ኤሱማ፣ በጣም ነው ያስጠሉኝ። ሁላችንም እዚህ የተቀጠርነው ሌሎቹን የማይመስለውን አንዱን ለመፈለግ ነው፤ ሲመጣ ግን ሌሎቹን ስላልመሰለ ይጣል ይላሉ። እኔ እምቢ አልኩ። ውሌ የሚታደሰው በፕሮፌሰሩ ፊርማ ስለሆነ ምን እንደሚያመጣብኝ እንጃ።

ስለ ዲሪርሳ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። የእሱ ወተት ከሌሎቹ ይለያል፤ ይህን አምኛለሁ። የእሱን ምን እንደነካው ከመጠየቅዎ በፊት የሌሎቹ ምን እንደሆነ መርምረዋል? እባክዎ ይህን ይመልሱልኝ። ዲሪርሳ በትምህርት ቤት ሳለን ፈተና የማያስኮርጅ፣ የማይኮርጅም ድርቅ ያለ ልጅ ነበር። ሰው ይለወጣል፤ ቢሆንም ገረመኝ።

የምወድዎ ሌሊሴ


ሱሉልታ፣ ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሌሊሴ፣

ጤና ላንቺ ይሁን። እኛ ደህና ነን። አጨዳው ደርሷል፣ ጤፉ ዘንድሮ ያምራል፣ ገለባውም ለከብቱ ይበቃል።

ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት። የሚፈርስና የሚበሰብስ ነገር ማየት ከሆነ ሥራሽ፣ ያን ያህል ርቀሽ መሄድ አልነበረብሽም፤ እኔ ዘንድ በየቀኑ አለ። ማኅተም ለመንኩሽ፣ ስብከት ላክሽልኝ። ደግሞ ዲሪርሳ አልኮረጀም ትያለሽ። ያልኮረጀ ልጅ አድጎ ወተት አያበላሽም ያለሽ ማን ነው?

እድሩ ተሰብስቦ ነበር። ዲሪርሳን መሃል አቁመን ጠየቅነው። «ወተትህ ላይ ምን ትጨምራለህ?» አልኩት። «ምንም» አለ። «ታዲያ ያንተ ለምን ብቻውን ይቋጠራል?» ስለው ጸያፍ ነገር ተናገረ። ወረቀት ላይ የሚሰፍር አይደለም። አባቱን፣ እናቱን የሚያህሉ ሰዎች በተቀመጡበት! ሰው ሁሉ ተነሳ። እናትሽ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ልትመታው ነበር። እኔም ደሜ ፈልቶ እስኪጣራ ድረስ ከእድሩ ታግዷል ብዬ ፈረድኩ። የእሱ ጀሪካን ማኅበሩ ጋን ውስጥ አይገለበጥም። ሰላምታ የሚሰጠውም የለም። ልክ ነው፤ ያየሁትን ጋን አንቺ ብታይው ኖሮ ትፈርጂበት ነበር።

የምትጠይቂኝን አንብቤያለሁ። የሌሎቹ ወተት ደህና ነው፤ ነግሬሻለሁ፣ አይቋጠርም። ከዚህ ሌላ ምን እንድመረምር ነው?

ማኅተሙ ይቅር። አንቺ ካፈርሽ እኔም አላስገድድሽም። በምትሠሪበት ቦታ ስም ብቻ ሁለት መስመር ጻፊ፤ «ሳይቋጠር የሚቆይ ወተት ንጹሕ ነው» በዪ። ይህማ ውሸት አይደለም።

መድኃኔ ዓለም ይጠብቅሽ።

ኤሱማሽ ባጫ


ጀርመን፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ኤሱማ ባጫ፣

እንኳን ለልደቱ በዓል በሰላም አደረሳችሁ። አጠር አድርጌ ስለምጽፍ ቅር አይበልዎ፤ ተናድጃለሁ፤ በተናደደ እጅ ረጅም ደብዳቤ ለእርስዎ መጻፍ አልፈልግም።

ሳይቋጠር የሚቆይ ወተት ንጹሕ ነው ብዬ አልጽፍም፤ ውሸት ነውና። ወተት ያለ ማቀዝቀዣ ከማለዳ እስከ ምሽት ከቆመ ይኮመጥጣል። ልማዱ ነው። የአንድ ሰው ወተት ከኮመጠጠና የሰፈሩ በሙሉ እምቢ ካለ፣ እኔ የምፈራው የሰፈሩን ነው።

ዲሪርሳ የተናገረው ጸያፍ ነገር ምንድን ነው? እባክዎ ይጻፉልኝ። እኔ ልጅ አይደለሁም።

እማዬን ባለፈው በስልክ «ወተቱ ላይ ሰው ምን ይጨምራል?» አልኳት። ስለ ጥጃዋ አወራችልኝ። ደግሜ ስጠይቃት ኔትወርኩ ጠፋ አለች፤ ድምጿ ግን ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር አልወጣልኝ ብሏል። ዓምና መጥቼ ሳለሁ ወተት የምትሰጠኝ ሁልጊዜ ከትንሿ ጮጮ ነበር። አንድ ጠዋት ከጀሪካኑ ልቅዳ ስል እጄን መታችኝ። «ይሄ የገበያ ነው» አለችኝ። ያኔ ሥስት መስሎኝ ነበር።

ከየሰዉ ጀሪካን በትንሽ ጠርሙስ ይቅዱ፤ የእርስዎም የእማዬም ይኑርበት። ስም አይጻፍበት፣ ቁጥር ብቻ ይለጠፍ፤ የማን እንደሆነ የምታውቀው ወተት ሲረከቡ የምታግዝዎት ሐኒ ብቻ ትሁን። ከዚያ አዲስ አበባ ወተት የሚመረምር ላቦራቶሪ ይውሰዱት። እኛ እዚህ ስንሠራ ውጤቱን የምንፈልገውን ያህል ዓይናችንን እንሸፍናለን፤ ሰው ማግኘት የሚፈልገውን ነገር ማየት ይቀናዋልና። ኤሱማ፣ የሰው ስም በእጅዎ ላይ ነው። ኦቦ ኦዳ እንደታመሙ እማዬ ነግራኛለች። አባቱ ቢሞቱ ዲሪርሳ እንዴት ይሆናል?

ሌሊሴ


ሱሉልታ፣ የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሌሊሴ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ሳልጽፍልሽ ቆየሁ። ታምሜ ነበር ብልሽ ይቀለኝ ነበር፤ ግን ደህና ነበርኩ።

ኦቦ ኦዳ ሞተ። ከእኔ ጋር ያደገ ሰው ነው፤ አንድ በሬ እኔ፣ አንድ በሬ እሱ አጣምረን አርሰናል። እድሩ ድንኳን አልጣለም። ቃሬዛ አልሰጠም። የቀብር ጥሩንባ አልተነፋም። ዲሪርሳ ከሰበታ በመጡ በሚስቱ ወንድሞችና በቀን ሠራተኞች አሸክሞ በቤቴ ደጅ አለፈ። እኔ የቤቴን በር ዘግቼ በቀዳዳ አየሁ። ሬሳው በጠባቡ መንገድ ላይ ሲወዛወዝ፣ ሠራተኞቹ አልለመዱትም መሰለኝ፣ አንዱ ሲሳደብ ሰማሁ። እናትሽ ከጓዳ ሆና «ለሌላው መቀጣጫ ይሆናል» አለች። ወጥቼ ጓሮ ሄጄ አስመለሰኝ። ወተት አልነበረም ያስመለሰኝ፤ ራሴ ነኝ።

ስለዚህ ልንገርሽ። ዲሪርሳ በዚያ ስብሰባ የተናገረው ስድብ አልነበረም። «እኔ ምንም አልጨምርም፤ የምትጨምሩት እናንተ ናችሁ፤ ለዚህ ነው የእናንተ የማይቋጠር» ነው ያለው። ይኸው ነው ጸያፉ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላሉ። ሁላችንም እንጨምራለን ሌሊሴ። ቁስል ላይ ሲያፈሱት አረፋ የሚያወጣው፣ ውሃ የሚመስለው መድኃኒት ነው። ባለሱቁ ብዙነህ ከቡራዩ በጀሪካን እያመጣ ያከፋፍለናል። አንድ ቆርኪ ለአንድ ጀሪካን። መኪናው ሲዘገይ ጊዜ ተጀመረ፤ ከዚያ ሳይዘገይም ቀጠለ። ለቤት የሚሆነውን ቀድመን በጮጮ እናስቀምጣለን። ማንም ማንንም አይጠይቅም። የሚገርምሽ፣ አንቺ «የሌሎቹ ምን እንደሆነ መርምረዋል?» ስትዪኝ አልዋሸሁሽም። እግዜር ያውቃል፣ ያ ነገር ባዕድ ነገር ሆኖ አልታየኝም። ሁሉም የሚያደርገው ነገር ከመቼ ወዲህ ባዕድ ይባላል? እኔ እፈልገው የነበረው ሌባ ከሁላችን የተለየው ነው። ተለይቶ የተገኘው ደግሞ እሱ ነው።

ከቀብሩ በኋላ ያልሽውን አደረግሁ። ሐኒ ቁጥር ለጠፈችበት፤ እኔ ወሰድኩት። የላቦራቶሪዋ ሴት ውጤቱን ስትነግረኝ ፊቷን አጨማደደች። ከአንዱ በስተቀር ሁሉም ውስጥ መድኃኒቱ አለ፤ አንዳንዱ ውስጥማ ወተቱ ራሱ ጥቂት ነው አለችኝ። ከዚያ አንዷን ጠርሙስ ነጥላ አነሳችና «ይሄ የማን ነው? ለልጄ ከሱ ልግዛ ብዬ ነው» አለች። ቁጥሩን ለሐኒ ደወልኩላት። ማን እንደሆነ ታውቂዋለሽ።

አሁን ልመናዬ ሌላ ነው። ይህን ነገር ለማንም አትንገሪ። እናትሽም አለችበት፣ እኔም አለሁበት። ዲሪርሳን ቀስ ብዬ ይቅርታ ጠይቄ እመልሰዋለሁ። አባቱ እንደሆነ ተቀብሯል።

ባጫ


ጀርመን፣ መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኤሱማ ባጫ፣

የኦቦ ኦዳን ነፍስ ይማር። ትምህርት ቤት ስንሄድ ከበሬዎቻቸው ጀርባ ሆነው «ጎበዞች!» ይሉን ነበር። የቀን ሠራተኛ እየተሳደበ ተሸከማቸው ብለው ሲጽፉልኝ ከሥራ ወጥቼ ወንዝ ዳር ሄጄ አለቀስኩ።

እውነቱን ልንገርዎ፤ ተጸይፌያችኋለሁ። እንዲህ ብዬ ለእርስዎ እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ከደብዳቤው ወዲህ ወተት ቤቴ አላስገባም፤ እዚህ ያለው ወተት ምንም አላደረገኝም፣ ግን አልችልም። መድኃኒቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ችግር ነው፣ መኪናው ዘግይቶ ነው፣ ድህነት ነው እል ነበር። ጮጮው ግን አይፈቅድልኝም። የራሳችሁን ልጆች ከጮጮው አጠጥታችሁ የሰውን ልጆች ከጀሪካኑ ማጠጣታችሁ፣ የምታደርጉትን እንደምታውቁ ነው የሚነግረኝ። እኔም ከጮጮው የጠጣሁ ልጅ ነኝ። ይህም አስጠልቶኛል።

ስለ እኔ ከጠየቁ፣ ያ የተከራከርኩለት ለየት ያለ ምልክት በመጨረሻ ቆሻሻ ሆኖ ተገኘ። ወራት ፈልጌ ምክንያቱን አገኘሁት፤ አንድ የላላ ገመድ ነው። ፕሮፌሰሩ በሰው ሁሉ ፊት ሳቀብኝ፤ ውሌንም የሚያድስልኝ አይመስለኝም። ይሁን። ቆሻሻ መሆኑን አሁን የምናውቀው መርምረነው ነው፤ እሱ ግን ሳያየው ነበር ቆሻሻ ያለው። የእኛ አንድ ለናቱ ገመድ ሆነ። የእናንተ አንድ ለናቱ ግን ሰው ነው፤ ያውም ንጹሕ።

ቀስ ብዬ እመልሰዋለሁ አሉኝ። አይሆንም። ዲሪርሳ በአደባባይ ነው የተዋረደው፤ አባቱም በአደባባይ ነው የተተዉት። የእድሩ ዳኛ ነዎት፤ እድሩን ሰብስበው ሁሉንም ይናገሩ። ከራስዎ ይጀምሩ። የእማዬንም አይደብቁልኝ። ካልነገሯቸው በሚቀጥለው ክረምት መጥቼ እኔ እናገራለሁ፤ ያን ቀን ከእማዬ ቤት ሳይሆን ከዲሪርሳ ቤት ነው የማድረው።

ይህን ሁሉ ደፍሬ ብናገርም ልጅዎ ነኝ።

ሌሊሴ


ሱሉልታ፣ ግንቦት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሌሊሴ፣

ጤናሽን አብዝቶ ይስጥሽ። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ መጀመሪያ ልቀድደው ነበር። በማግስቱ እንደገና አንብቤው እድሩን ጠራሁ።

ቅዳሴ እንዳበቃ ሁሉም መጣ። ዲሪርሳንም አስጠራሁት፤ ከደጁ አጥር ጋ ቆመ፣ ገብቶ አልተቀመጠም። እኔ ተነስቼ ሁሉንም ተናገርኩ። ከራሴ ጀመርኩ እንዳልሽው። መድኃኒቱን፣ ጮጮውን፣ ላቦራቶሪዋን ሴት፣ የኦዳን ቀብር። ሁላችን ቆሻሻ ሆነን አንዱን ንጹሕ ቆሻሻ ብለን አባረርን አልኩ። ስጨርስ ቦታዬ ተቀመጥኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲሉ እሰማ ነበርና፣ አሁን ነጋ ብዬ ጠበቅሁ።

መጀመሪያ የተነሳው ብዙነህ ነው። «እና ምን ይሁን ነው የምትለው ኦቦ ባጫ? መድኃኒቱ ቢቀር ነገ የሁሉም ወተት ይደፋል። ማን ይጎዳል? እኛው ነን» አለ። ሰዉ አጉረመረመ። ከዚያ እናትሽ ተነሳች። ልጄ፣ ቃሏን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልጻፍልሽ። «እኛ ዲሪርሳን በድለናል፤ እውነት ነው፣ እግዜር ይቅር ይበለን። ግን ጠቡ የመጣው እኮ የሱ ብቻ ስለተለየ ነው። እሱም እንደ ሰው አንድ ቆርኪ ይጨምር። ያኔ የሱም አይቋጠርም፣ ጋኑም አይመለስም፣ እድሩም ይመልሰዋል። ሰላም ይሆናል።»

አጨበጨቡ። አልዋሽሽም፣ አጨበጨቡ። አንዱ «የአስተዋይ ሴት ቃል!» አለ። ያን ጊዜ የተሰማኝን የጋኑ ሽታ አይስተካከለውም። እጅ ይውጣ ተባለ፤ ከእኔ በቀር ሁሉም እጁን አወጣ። ውሳኔውን ለዲሪርሳ የሚያደርሰው ዳኛው ነው ተባለ፤ ብዙነህም የመድኃኒቱን ጠርሙስ እጄ ላይ አስቀመጠው።

ወደ አጥሩ ሄድኩ። «ሰምተሃል» አልኩት። «ሰምቻለሁ» አለ። «አልቀበልም በል። እኔ ካንተ ጋር እቆማለሁ» አልኩት። «ኦቦ ባጫ፣ እናቴ ታማ ተኝታለች። አንድ ወር ትቆይ ሁለት አላውቅም። አባቴን በቀን ሠራተኛ ቀብሬያለሁ፣ እሷን ግን አልችልም» አለኝና ጠርሙሱን ከእጄ ወሰደ። አልተቆጣም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ የዲሪርሳ ወተት ሳይቋጠር እስከ ማታ ቆየ። የመኪናው ሹፌር «አሁን ሰው ሆናችሁ» ብሎ አመሰገነን። ሰዉ ዲሪርሳን እየጨበጠ፣ እየሳመ፣ እንኳን ተመለስክ ይለዋል። እሱ ይጨብጣል፣ ይሳማል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔን ግን ዓይኔን አያየኝም።

እኔ የእኔን ጠርሙስ ጓሮ ደፋሁት። መድኃኒቱ የፈሰሰበት ሣር ነጭ ሆኖ ደርቋል። ጮጮውንም ትቻለሁ፤ የምጠጣውም የምሰጠውም ከአንድ ጀሪካን ነው። ባለፈው ማክሰኞ መኪናው ዘገየ። ጋኑ ከፋብሪካው ተመለሰ። ሐኒ ብርጭቆዎቹን በየተራ ፈተነች፤ የተቋጠረው አንድ ብቻ ነው፤ የእኔ። ጮኻ አልተናገረችም፣ ልጅቷ አዝናልኛለች፤ ግን እናትሽ አጠገቧ ቆማ ነበር።

አሁን ምንም አልለምንሽም። ማኅተምም፣ ሁለት መስመርም፣ ዝምታም አልፈልግም። እንድታውቂው ብቻ ነው የጻፍኩት። እድሩ ለፊታችን እሁድ ተጠርቷል። ዳኛው ተከሳሽ ስለሆነ ሌላ ዳኛ ይመረጣል። ከሳሿ እናትሽ ናት።

እግዜር በሄድሽበት ሁሉ ፊቱን አያዙርብሽ።

ኤሱማሽ ባጫ